ያልተሰበረው የጥፍር ቀለም

ውድ ባምላክ፣

የጌም ማጫወቻህ ዲስክ ማንበቢያ ድኗል። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ አንተም ብትሆን ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ዲስኩን ዋጠው፣ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጨዋታውን ከፈተው። አልተፋውም። ዛሪማ ሆነህ ስትሰድበው የከረምከው ማጫወቻ አሁን ፊቴ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ተቀምጧል። አንተ የት እንዳለህ የሚነግረኝ ሰው ግን አጥቻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፒያሳ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሊጫወቱ የመጡትን ልጆች «ዛሬ መብራት የለም» ብዬ መለስኳቸው፤ ከኋላዬ ስክሪኑ ቦግ ብሎ እየበራ። ታውቃቸዋለህ፣ ሰዓታቸው ሊያልቅ ሲል ቤቱን በጩኸት የሚያፈርሱ ናቸው። ዛሬ አንዳቸውም አልተከራከሩኝም። አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዱ ሌላውን በክንዱ እየጎተተ ሄዱ። እነሱ እንኳ የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው።

ነገ ቤታችን ሰዎች ይመጣሉ። ማንም አልነገረኝም፤ ግን ዓይን አለኝ። የሚመጡት ከሁለት ነገር ለአንዱ ነው። ወይ ያንተ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቀለበት ያሰርንበት ነገር እልባት እንዲያገኝ፣ እንዳልከኝ የሠርጋችንን ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። ወይ ደግሞ የመርዶ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ነጭ ለብሰው፣ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ተሰብስበው ነው የሚመጡት። ሁለቱም ከመምጣታቸው በፊት ቤቱ ይጠረጋል፣ ወንበር ይጠራቀማል፣ ሰው ይንሾካሾካል። የሚለያቸው ሰዓቱ ብቻ ነው። የሠርግ ሽማግሌ ቅዳሴ ወጥቶ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይመጣል። መርዶ ሳይነጋ ይመጣል።

ትናንት ብትጠይቀኝ የትኛው እንደሆነ እየሳቅሁ እነግርህ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር አገኘሁ፤ ያገኘሁትን የምነግረው ሰው ደግሞ ካንተ ሌላ የለኝም። ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ዛሪማ ጌም ቤት እከፍታለሁ ስትለኝ የሳቅሁብህን አልረሳሁም። «እህል ሊሸጥ የመጣ ሰው ነው ኳስ ጌም የሚጫወተው?» አልኩህ። «ሸጦ ሲጨርስስ የት ይሂድ?» አልከኝ። ከሦስቱ ማጫወቻዎቻችን አንዱን፣ ያንተን፣ በፎጣ ጠቅልለህ፣ ጭንህ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈህ ሊማሊሞን ወረድክ። እኔ ፒያሳ ከሁለቱ ጋር ቀረሁ። ደግሞ ተሳካልህ፤ የገበያ ቀን በርህ ላይ ሰው ይሰለፋል ብለው ሾፌሮች ሲያወሩ እሰማ ነበር። ኮርቼብህ ነበር። ለአንተ ግን አልነገርኩህም፤ ትንሽ ስትመሰገን እንደምትቀብጥ አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ደወልክ።

«ጽጌ፣ ይተፋል።»

«ምኑን?»

«ዲስኩን ነዋ! ይውጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይተፋል። ከትናንት ወዲህ ደግሞ አልውጥም ብሎ አፉን ዘግቷል።»

«አቧራ ነው። በሩን ዘግተህ አጫውት አላልኩህም?»

«በር ዘግቼ ማን ይገባልኛል ምነው? ወይስ በመስኮት ይግቡ?»

ማጫወቻውን እንዳለ ላከው ስልህ እንቢ አልክ። ሆዱ ውስጥ የተጫኑ ሁለት ጨዋታዎች ያለ ዲስክ ስለሚሠሩ፣ ደንበኛ ከሚበተንብህ በእነሱ ልታቆያቸው ፈለግህ። ማንበቢያውን ብቻ ፈተህ በሾፌሩ በጌትነት ሚኒባስ ላክህልኝ። በዚያው ቀን ማታ እጄ ገባ።

ችግሩን ታውቀዋለህ። ማንበቢያ የሚግባባው አብሮት ከተሠራው ማጫወቻ ጋር ብቻ ነው። እኔ ጋ ባሉት ሁለቱ ላይ ብገጥመው ዲስኩን ያዞራል እንጂ አይከፍትም፤ እንግዳ መሆኑን ያውቁበታል። ስለዚህ ልጠግነው እችላለሁ፣ መዳኑን ግን ማየት አልችልም። የምታየው አንተ ነህ። ሮለሩ ላይ የተጠመጠመ ረጅም ፀጉር አወጣሁ፤ የማን ፀጉር እንደሆነ በአካል ስንገናኝ ታስረዳኛለህ። አቧራውን ጠረግሁ፣ ጥርሶቹን ግራሶ ቀባሁ፣ የደከመውን ሌንስ ከሞተ ሌላ ማንበቢያ ላይ በነቀልኩት ቀየርኩት። ከዚያ ዘጋሁት፤ እንደ ልማዴም ብሎኖቹ ራስ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ጠብ አደረግሁ።

በዚህ ነገር ስትስቅብኝ ኖረሃል። ለደንበኛ ስንመልስ ቀለም የምናደርገው ሌላ ሰው ከፈታው እንድናውቅ ነው፤ ካቻቪቴ ሲነካው ቀለሙ ይሰበራል፣ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ ማንም እንደነበረ አያደርገውም። አንተ ግን «የዚህ ሱቅ ብሎኖች ከባለቤቷ ይልቅ ያጌጡ ናቸው» ትለኛለህ። ለፋሲካ መጥተህ እዚሁ በር ላይ ቆመን፣ እጄን ይዘህ፣ ግራሶ የጠገበውን ጥፍሬን እያየህ ያልከኝን ታስታውሳለህ?

«ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ቀን ይቺን ቀለም ጥፍርሽ ላይ ትቀቢያታለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

«ሽማግሌ ፊት ቀይ ጥፍር? ምን ልባል?»

«ሽማግሌዎቹ የኔ ናቸው። ለነሱ እኔ እመልስላቸዋለሁ።»

ቃል ገባሁልህ። ከዳግማ ትንሣኤ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው አልከኝ። እሱ ነገ ነው።

ማንበቢያውን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ደርቤ፣ ከሄለን ኬክ ቤት በለመንኩት ሪባን አሰርኩት። ቋጠሮው ላይም ቀለም ጠብ አደረግሁበት፤ ሾፌሮቹ እየከፈቱ እንዳያዩብህ። ማክሰኞ በማለዳ ለጌትነት ሰጠሁትና ደወልኩልህ።

«ሳትገጥመው ውሃ እንዳትጠጣ» አልኩህ።

«ከመኪናው ሳይወርድ ነው የምከፍተው።»

«ከገጠምከው በኋላ ያነባል ወይም አያነብም በለኝ። ሌላ ወሬ አልፈልግም።»

«እሺ እመቤቴ» ብለህ ሳቅህ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ልልህ ፈልጌ ነበር፤ አፌን ከፈትኩና «ሌንሱን በጣትህ እንዳትነካው» አልኩህ። ባምላክ፣ እወድሃለሁ። ስንት ጊዜ ይህን ልልህ ጀምሬ ስለ ሌንስ አወራሁልህ።

ማክሰኞ ማታ አልደወልክም። እኔም ስደውል አይጠራም። ረቡዕ እህቴ ሶሊያና «ወደዚያ አካባቢ ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ» አለችኝ። ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ እንዲህ ያለ ወሬ ይዛ መጥታ አታውቅም፤ ግን ኔትወርክ መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለምና አመንኳት። በዚያው ቀን እናቴ ደባት ዘመድ ታሟል ብላ በጠዋት ተነሣች። ማን እንደታመመ ስጠይቃት «አታውቂውም» አለችኝ። ደባት ያንተ ወገኖች አገር ነው። እኔ ሞኟ ምን አሰብኩ መሰለህ? ከሰዎችህ ጋር ስለ ሠርጉ ልትመክር እየሄደች እንዳላፍር ብላ የደበቀችኝ መሰለኝ። በሆዴ ሳቅሁባት። ወርቅውሃ ብለው ስም ያወጡላት ሴት ውሸት አትችልበትም፣ ስትዋሽ ነጠላዋን ነው የምታስተካክለው።

ሐሙስ ማታ ተመለሰች። ድምፅዋ የለም። በሹክሹክታ ነው የምታወራው፤ እሱም ቢሆን እየተቆራረጠ።

«ምነው እማ?»

«ጉንፋን ነው። የደባት ብርድ።»

ዝንጅብል አፈላሁላት። አጠገቧ ተቀምጬ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ አላየችኝም። «ጠጪ እንጂ፣ ለእሑድ ድምፅ ያስፈልግሻል» አልኳት። ለእልልታው ማለቴ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያው ማታ ሶሊያና ስልኬን ወሰደችው። ካሜራው ጥሩ ስለሆነ ለትምህርት ሥራ እፈልገዋለሁ አለች። የራሷ ከኔ የተሻለ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን ያንተና የኔን ፎቶ ሰብስባ ለሠርጉ የሆነ ነገር ልታሠራ ነው ብዬ ዝም አልኳት። ተመልከት እንግዲህ፤ የሚያደርጉትን ሁሉ እኔ ራሴ እያሳመርኩ ሰጠኋቸው።

ዓርብ አያ ምናለ መጣ። የእናቴ ወንድም፣ በሬዎቹን ለጎረቤት ጥሎ ከተማ የሚገባው ወይ ለሠርግ ወይ ለ… ብቻ መጣ። እኔን ሳይሰድብ ገብቶ አያውቅም፤ «አንቺ የኤሌክትሪክ ገረድ» ነው ሰላምታው። ትናንት ግን ጉንጬን ሳመኝ፣ ደግሞ ሳመኝ፣ ደግሞ ሳመኝ።

«ምነው አያ፣ ዛሬ አትሰድበኝም?» አልኩት።

«ሰው ይደክመዋል እኮ ልጄ።»

«መንገዱ ሸጋ አልነበረም?»

«መንገዱስ ሸጋ ነው» አለና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «እህል በልተሻል? ብይ። ከእንግዲህ ጉልበት ያስፈልግሻል።»

በላሁ። ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ፤ እሱ ምንም ሳይበላ እያየኝ። ሳልጠይቅ ነጩን ቀሚሴን አውጥቼ ለሶሊያና «ተኩሺልኝ» አልኳት፤ ለእሑድ እንደሆነ እንድታውቅ። ጀመረችው። ካውያውን እጅጌው ላይ እንዳደረገች ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ምን ሆንሽ?» ብላት «እንፋሎቱ ዓይኔን ነው» አለች። ከቤት ልወጣ መሆኑ ከብዷት ነው ብዬ አቀፍኳት። በዕቅፌ ውስጥ እንዴት እንዳለቀሰች ብታይ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በደስታ።

የእድሩ ወንበሮች በጎረቤት ግቢ ተደርድረዋል። ድንኳኑም እዚያው ታጥፎ ተቀምጧል። ሄለን ኬክ ቤቷ በር ላይ አቅፋኝ አልለቅም ስትል፣ «እሑድ ሽማግሌ ይመጣል መሰል፣ ሪባን አዘጋጂልኝ» ብዬ ቀለድኩባት። ላምጣልሽ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ቆሜ ጠበቅኋት፣ አልተመለሰችም።

ይህን ሁሉ አየሁ፤ ሁሉንም ለሠርግ አደረግሁት። ከዚያ ዛሬ ጠዋት ጌትነት መጣ።

ጆንያ ተሸክሞ ነው የገባው። ጆንያው ላይ በማርከር የሱቃችን ስም ተጽፏል፣ ያንተ ጽሕፈት ግን አይደለም። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠውና ባርኔጣውን አወለቀ። ጌትነት ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም፤ ራሰ በራ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

«ጽጌ… እግዜር…» ብሎ ጀመረ።

«እሰይ ጌትነት! ገጠመው? ያነባል አለህ?» አልኩት እየሳቅሁ።

ፊቴን አየ። ረጅም ጊዜ አየኝና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ጨረሰው። ምን እንደሰጠሁት እንጃ።

«ማጫወቻውን ለምን ላከው? እሱስ?»

«እኔ… ዕቃውን አድርስ ተባልኩ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ቤተሰቡ። ኔትወርክ የለም እኮ።»

ስለ ኔትወርክ አልጠየቅሁትም። ሻይ ላምጣልህ ስለው እጁን እያወዛወዘ ወደ ኋላው ሄደ፤ ደጃፉን ሲወጣ ባርኔጣውን መልሶ ማድረግ ረስቷል። አሁን ሳስበው የነገሩኝ መስሎት ነው የመጣው። ስስቅ ሲያየኝ ምን እንዳደረገ ገባው።

ጆንያውን ፈታሁት። ማጫወቻህ አለ። ሁለቱ ጆይስቲኮች አሉ። ገመዶቹ እንደ ገለባ ተጠቅጥቀዋል፤ አንተ ገመድ በስምንት ቁጥር ካላጠፍክ እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው ነህ። ጃኬትህ አለ። የእሑድ ጫማህ አለ። ጫማህን ሳይ እንኳ፣ ለሠርጉ ጠቅልሎ እየገባ ነው አልኩ። ልቤ እንደዚያ ነው ያለኝ፤ ልቤ ሰነፍ ነው።

ከዚያ ከጆንያው ሥር ላስቲክ ነካሁ። አወጣሁት። የራሴ ጥቅል ነው። ሪባኑ እንዳሰርኩት ነው። ቋጠሮው ላይ ያለው ቀይ ቀለም አልተሰበረም።

ይዤው ቆምኩ። ወደ በሩ ወስጄ በብርሃን አየሁት። አዙሬ አየሁት። ስንጥቅ የለውም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዛሪማ የደረሰ ጥቅል፣ ከመኪናው ሳይወርድ እከፍተዋለሁ ያለ ሰው እጅ ሳይነካው፣ ሳምንቱን ሙሉ ኖሮ ተመልሶ መጥቷል። አንተ በሕይወትህ የታሸገ ነገር ለአንድ ሰዓት አቆይተህ አታውቅም። የልደት ስጦታህን ከቦርሳዬ ሰርቀህ በዋዜማው የምትከፍት ሰው ነህ።

የብልሽት ነገር እንዲህ ነው፤ ዲስክ የሚተፋ ማጫወቻ ሲመጣልኝ ምክንያቱ ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል፣ ምልክቱ አንድ ነው። አንድ ነገር ሳገኝ ግን ሌላው ሁሉ በዚያ ይፈታል። ጥቅሉን እንደያዝኩ ሳምንቱ ተፈታ። እናቴ ጉንፋን አልያዛትም። ድምፅዋን የጨረሰችው ደባት ላይ ጮኻ ነው። አያ ምናለም ከዚያው ነው የመጣው። ሶሊያና ስልኬን የወሰደችው ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ፎቶህን ከሻማ ጋር ለጥፈው እንዳላይ ነው። ሐሙስ ዕለት እኔ እዚህ ሠርግ እያሰብኩ ሳለሁ አንተን…

አልጽፈውም። እኔ የተሳሳትኩባቸው ማሽኖችም ብዙ ናቸው። ሞተሩ ሞቷል ብዬ ስፈታው አንዲት ሳንቲም ተቀርቅራ ያገኘሁበት ቀን አለ። ምናልባት ታመህ ሆስፒታል ተኝተህ ይሆናል። ምናልባት ጌትነት ጥቅሉን ሳይሰጥህ ቀርቶ፣ አንተ ተናደህ፣ ሁሉንም ጠቅልለህ ልከህ ይሆናል። ምን ሆነህ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም። መንገዱ ይሁን፣ ሰው ይሁን፣ በሽታ ይሁን አላውቅም። የማውቀው አለመክፈትህን ብቻ ነው።

ለምን አትጠይቂያቸውም ትለኝ ይሆናል። ብጠይቅ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትዋሸኛለች፤ ያንን ማየት አልፈልግም። ደግሞ ሌላም አለ። እስኪነግሩኝ ድረስ እኔ እጮኛህ ነኝ። እስኪነግሩኝ ድረስ ይህ ደብዳቤ የሚላክበት አድራሻ አለው። ተቆጥቼባቸዋለሁ፣ እንዳትሳሳት፤ እኔን አስቀርተው እነሱ ከሄዱ፣ አፈሩን እኔ ሳላይ ከመለሱት፣ ይህን ለእናቴም ለማንም በቀላሉ አልተውም። ግን ዛሬን ልውሰደው። ዛሬ የኔ ነው።

ስለዚህ ተቀመጥኩና ሥራዬን ሠራሁ። ሪባኑን በጥርሴ በጠስኩት፤ ቀለሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ማጫወቻህን ፈታሁት፣ ማንበቢያውን ቦታው አስገባሁት፣ ገመዱን ሰካሁ። አንዷ ብሎን ወድቃ ከባንኮኒው ሥር ገባች፣ በሆዴ ተኝቼ አወጣኋት። ማጫወቻውና ማንበቢያው ከተለያዩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። አበራሁት። ያንን ጥግ ጥጉ የተቧጨረ የኳስ ዲስክህን አፉ ላይ አደረግሁለት።

ዋጠው። እስኪከፍት ድረስ ስክሪኑን እያየሁ ቆምኩ፤ ካነበበ በሕይወት አለህ ብዬ ከራሴ ጋር ተወራርጄ ነበር። ጅል ነገር ነው። አነበበው።

ቡድንህ ወጣ። ተጫዋቾቹን ሁሉ በሰፈር ሰው ስም ሰይመሃቸዋል። አጥቂው ጌትነት ነው፤ ባርኔጣ ግን የለውም። አያ ምናለን ተከላካይ አድርገኸዋል፣ በዚያ ዱላው አጥቂ ሁሉ ያልቅልሃል። ሳቅሁ፤ እንደዚያ እያለሁም ሳቅሁ። በረኛው ስም ላይ «ጽጌሬዳ» ይላል። ለምን በረኛ እንዳደረግኸኝ አልነገርከኝም፤ ግን ይገባኛል፣ ምንም አላሳልፍም ማለትህ ነው። ይህን ሳምንት ስንት ነገር አሳለፍኩ መሰለህ።

ከታች ቀጣዩ ጨዋታ ተዘጋጅቷል፣ ቁልፉን ተጫኑ ይላል። አልተጫንኩትም። ያንተ ጨዋታ ነው።

አሁን እየመሸ ነው። ባጃጅ ይዤ ወደ ቤታችን ወደ ፀዳ እሄዳለሁ። ቤት ስገባ ምንም እንዳላወቅሁ ሆኜ እገባለሁ፤ እናቴ እስከ ነገ የተሸከመችውን ትሸከመው፣ እኔም የራሴን። እራት እበላለሁ። ማጫወቻውን አላጠፋሁትም፤ መብራቱ ካልሄደ በርቶ ያድራል። የቀለሙን ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ነገ ቅዳሴ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ሽማግሌዎችህ ከመጡ፣ ይህን ደብዳቤ ቀዳድጄ እጥለዋለሁ፣ አንተም ምን እንደጻፍኩ በሕይወትህ አታውቅም። እንዴት እንደምፈልገው ብታውቅ። ይህን ደብዳቤ ቀድጄ መጣል ነው ከሁሉ የምመኘው።

እሑድ ነው።

አልቀደድኩትም፤ የመጨረሻውን ገጽ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እየጻፍኩ ነው። ነጩን ቀሚስ አልለበስኩም። የሥራ ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ጥፍሬን ቀብቻለሁ። አሥሩንም። ግራ እጄ አላማረም፣ ከብሎን ሌላ ቀብቼ አላውቅም።

የግቢያችን መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ። ከውስጥ ነው የሚስቡት፤ አያ ምናለ ይሆናል፣ ሳል ሲያፍን ሰምቼዋለሁ። ከዚያ እግር። ብዙ እግር ነው፤ ጠጠሩን ቀስ ብለው ይረግጡታል። ሴቶችም አሉ። እናቴ በዚያ በሌለ ድምፅዋ «ቀስ በሉ፣ ተኝታለች» ትላቸዋለች። ሶሊያና ደጃፌ ላይ ቆማለች፣ ትንፋሽዋ ይሰማኛል።

እንዲያንኳኩ አልጠብቃቸውም። በሩን እኔ እከፍትላቸዋለሁ፤ የሚሉትንም ቆሜ እሰማለሁ። እጄን ሲይዙኝ ቀዩን ጥፍሬን ያዩታል። ሴቶቹ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉኝ። ለሽማግሌዎቹ እኔ እመልስላቸዋለሁ ብለኸኝ ነበር፤ አሁን የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ቃል ገብቼለት ነው እላቸዋለሁ።

ውድ ባምላክ፣ ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። በመስኮቱ አየሁ። ገና አልነጋም።

ያንተው ጽጌሬዳ